ዘጠኝ ቁጥርን የሚመርጡ እንግዶች

ነፃነት ላምበረት መናኸሪያ ጀርባ ባለች አልጋ ቤት አንሶላ መቀየር ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እንግዳ ያለበት ክፍል ስትገባ ባልዲዋን ደፉ ላይ ትገትራለች፣ በሩ እንዳይዘጋ። ባለቤቱ አቶ በርናባስ "ያንቺ ባልዲ ስንቱን አደናቀፈ!" እያሉ ይስቁባታል። ይሳቁ። እሳቸው ቤቱን የገዙት አምና ነው፤ ያን ቀን አላዩም።

ከስምንት ዓመት በፊት፣ ዘጠኝ ቁጥር ክፍል ያደረ ሰው የሥራ ጓደኛዋን ሐቢባን በሩን ዘግቶ ገደላት። ሲያዝ፣ ከእሷ በፊትም ሁለት ሴቶች መግደሉ ታወቀ።

ዘንድሮ ደግሞ ፊልም ሠሩለት! ነፃነት የምታስታውሰው ላብ ላብ የሚሸት፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ ሰው ነው። ፊልሙ ላይ ግን እንጦጦ ጫካ ውስጥ በነጭ ሹራብ የሚንሸራሸር፣ አንደበቱ የሚጥም ሎጋ ሆኖ ቁጭ አለ። የሐቢባ ስም እንኳ አልተጠራም። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ቁጥርን መርጦ የሚመጣው በዛ። አዲሷ አልጋ አንጣፊ ሶሬቲም ፊልሙን በስልኳ ሦስቴ አየችው።

"ውይ ነፂዬ፣ ሲያምር! እንዲህ ዓይነቱማ ይግደለኝ!"

ነፃነት ባልዲዋን አንስታ ጥላት ሄደች።

ሐሙስ ከሰዓት አንድ ወጣት ዘጠኝ ቁጥርን ለሦስት ቀን ያዘ። ጥቂት ቆይቶ አንገቱን ብቅ አደረገና "የኔ እመቤት፣ ትራስ ጎደለኝ" አለ፤ ቃል በቃል ከፊልሙ። ሶሬቲ እየሳቀች ትራስ ይዛ ገባች። በሩ ተዘጋ።

ነፃነት ኮሪደሩን እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም። በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው።

"ክፈት! ክፈት ብያለሁ!"

ተከፈተ። ሁለቱም በሳቅ ሊሞቱ ነው።

"ቀልድ ነው እኮ እህቴ፣ ፊልሙን አላየሽውም እንዴ?" አለ ልጁ።

ነፃነት ሶሬቲን በክንዷ ጎትታ ልብስ ማጠቢያው ጋ አወረደቻት። ለፖሊስም ለሐቢባ እናትም ያልተናገረችው አመለጣት።

"ያኔ ትራስ አምጪ የተባልኩት እኔ ነበርኩ። ሰውየው አስፈራኝ። እጄ እርጥብ ነው አልኩና ሐቢባን ላክኋት።"

የሶሬቲ ሳቅ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

"ይሄኛውስ ያስፈራሻል?" አለች ቀስ ብላ።

"አላውቅም። ፊቱን አይቼ መለየት አቃተኝ።"

ከላይ በር ተከፈተ። ያው ድምፅ አሁን ፎጣ ጠየቀ። ሶሬቲ ወደ ነፃነት ተጠጋች።

"አንቺ እዚሁ ቁሚ" አለቻት ነፃነት። ፎጣውን አንስታ ራሷ ወጣች።