የዕድሩ መኪና እና ጋሽ አሰፋ

የቤቴል ሰፈር ሰው ደግፌን የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፤ በናፍጣ ሞተር ጥገናው እና በችኮነቱ። «መኪናዬ ምን ሆነች?» ብትለው ኮፈኑን ሳይከፍት አንዲት ቃል አይወጣውም። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ለማጽናናት ብሎ «አይዞህ፣ ቀላል ነው» ማለት ለእሱ ያው ውሸት ነው።

ያን እሑድ ጧት ጋራዡ ውስጥ የቆመችው የዕድሩ ሚኒባስ ናት። ከሰዓት የምትወስደው ደግሞ የገዛ ሾፌሯን፣ የጋሽ አሰፋን አስከሬን ነው። ባለቤታቸው እትዬ ወለተጻድቅ የለመኑት ይኼንኑ ብቻ ነው፤ «የስንቱን ሬሳ ያደረሰባት ሰው ነው። እሱንም እሷው ታድርስልኝ።» መኪናዋ ግን ጋሽ አሰፋ አልጋ ላይ ከመዋላቸው በፊት ጀምሮ ጉልበት አጥታለች። ዳገት ስታይ ትለግማለች፣ ጥቁር ጭሷን ለቀስተኛው ላይ ትለቃለች። ቤተክርስቲያኑ ደግሞ ያለው ዳገት ላይ ነው።

ደግፌ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ሥራውን ጀመረ። የብልሽት ማንበቢያውን ስካነር ሲሰካ ሞተሩ የሚስበው አየር አንሷል አለው። ስካነር ያለውን ሁሉ አምኖ ዕቃ መቀየር የሰነፍ ሥራ ነው። ማጣሪያውን አውጥቶ አየ፤ ንጹሕ ነው። ቱቦውን ዙሪያውን ዳሰሰ፤ አልተቀደደም። የቀረችው የሚገባውን አየር የምትለካው ሴንሰር ናት። ሞተሩን አስነስቶ ሶኬቷን ሲነቅላት ጭሱ ቀነሰ፣ ነዳጅ ሲሰጠውም ሞተሩ ጉልበት አገኘ። ለካ ዋሾዋ እሷ ኖራለች።

ፈታት። እንደ ጸጉር የቀጠነችው ሽቦዋ ተበጥሳ ጫፏ ላይ የጨርቅ ክር ተንጠልጥሏል። ደግፌ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ የመኪናዋን ሆድ ዕቃ ሳይቀር የሚወለውሉት ጋሽ አሰፋ ብቻ ነበሩ። «ሙት የሚጫንባት መኪና ማደፍ የለባትም» ይሉ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው፤ ጨርቅ ሊነካት የማይገባትን ዕቃ ሲያጸዱ ሰበሯት።

እሑድ ቀን መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ሶኬቷን እንደነቀላት ትቶ መኪናዋን ራሱ ነዳ። ዳገቱን ቀስ ብላ፣ ብዙም ሳታጨስ ወጣችው።

ከቀብር መልስ እትዬ ወለተጻድቅ ከድንኳኑ ጥግ ጠሩት።

«ደግፌ፣ እውነቱን ንገረኝ። መኪናዋ ምን ሆና ነው?»

«እርጅና ነው፣ እትዬ። የማንም እጅ የለበትም» አለ። በሥራው ዋሽቶ አያውቅም ነበር።

እትዬ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

«ምነው ይኼን ለእሱ በነገርከው! ልትጠይቀው የመጣህ ቀን ‹ያበላሸኋት እኔ እሆን?› ሲልህ፣ ‹ሳላይ ምን አውቃለሁ› ብለኸው ሄድክ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ‹የሰው አደራ በገዛ እጄ› እንዳለ ነው ያረፈው።»

 ውሸቱ አሁን ደግፌን ምንም ሳይቸግረው ነበር ከአፉ የወጣው። ያን ቀን ከጋሽ አሰፋ አልጋ አጠገብ ተቀምጦም ሊላቸው ይችል ነበር።