ወደ ውጭ የዞሩ እግሮች

እትዬ ኪሮንባላ ባሏ የሞተባት ገና ሙሽርነቷ ሳይወጣላት ነው። ገደለችው የተባለችውም እሷው ናት። በምን አትሉኝም? በሥዕል!

በእኛ በቤንጋል መንደር፣ የሀብት እመቤቷ ላክሽሚ በምትከበርበት ቀን ሴቶች ሩዝ ፈጭተን በውሃ እንበጠብጥና የእመቤቷን እግር ከደጃፍ እስከ ጓዳ መሬቱ ላይ በጣታችን እንስላለን። የእግሮቹ ጣቶች ወደ ቤት ማየት አለባቸው፤ ሀብት ገባ ማለት ነው። ኪሮንባላ ያን ዓመት ከደጃፍ ጀመረችና የሳለችውን እንዳትረግጥ ወደ ኋላ እያለች ወደ ጓዳ ገባች። ፊቷ ወደ ውጭ ስለነበር የሳለቻቸው እግሮች ሁሉ ወደ ውጭ ዞሩ። እርጥቡ ሩዝ እስኪደርቅ ደግሞ በደንብ አይታይም። ሲነጣ ሁሉም አየው። በዚያው ሰሞን ባሏን ትኩሳት ወሰደው፤ ልጃቸው ኒኪል ገና ጡት አልጣለም ነበር።

«ሀብታችንን በእጅሽ መርተሽ አስወጣሽው! እግረ ደረቅ!» አለቻት የባሏ እህት ጎላፒ። የጎላፒ ምላስ እንደሆነ ጅራፍ ነው።

ባል የሞተባት ሴት በእኛ ዘንድ ደጃፍ አትስልም። ኪሮንባላም እርም ብላ ተወችው። እጇን ያስፈታው አገር የሚያውቀው የቤንጋል ባለቅኔ ቃል ነው። ከመንደራችን ማዶ፣ ዛፍ ሥር የሚያስተምሩበትን ትምህርት ቤት ያቆመው እሱ ነበር። «ሥዕልን ከባዕድ መጽሐፍ አትቅዱ፤ እናቶቻችሁ ደጃፍ ላይ አለላችሁ» ብሎ ስለነበር፣ ከሞተም በኋላ መምህራኑ በየመንደሩ ሥዕል የምትችል ሴት ይፈልጉ ነበር። ኪሮንባላን አገኙና አስተማሪ አደረጓት።

«ደጅ ማዝጎርጎር ደግሞ ትምህርት ሆነ? ያውም ከገደ ቢስ!» ብላ ጎላፒ ሳቀች።

እኔ ተማሪዋ ነበርኩ፤ ኋላም ጎረቤቷ ሆንኩ። ሐረጉን፣ ዓሣውን፣ የውሃ አበባውን አስተማረችን። እግር ግን አንድም ቀን አልሳለችም። «እትዬ፣ እግርስ?» ስንላት «ሌላ ሳሉ» ትለናለች።

አንድ ቀን በቀትር ቤቷ ተቀምጠን ሳለ ወሬዋን አቋረጠች።

«ሰማሽ?»

«ምኑን?»

«ባሌን። ከጓዳ እስከ በር ይመጣና ይመለሳል። መውጫው ጠፍቶበታል።»

ሰማሁ ብዬ አልዋሽም። ግን ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ጀርባዬን ለጓዳው ሰጥቼ ተቀምጬ አላውቅም።

ኒኪል አድጎ ሊያገባ ሆነ። «ደጃፉን እናቴ ካልሳለችው ሙሽራዬን ይዤ አልገባም» አለ። ጎላፒ ጮኸች። «አባቱን ሸኝታ አልበቃት ብሎ እሱንም ልትሸኘው ነው?»

ኪሮንባላ እኔ ዘንድ መጥታ አለቀሰች። «ስዬ ቢሞትብኝስ? ባልስል ደግሞ ልጄ ይቀርብኛል።»

ተናደድኩ። «እትዬ፣ ‹ባለቅኔው ያወቃችሁትን ሳሉ፣ የፈራችሁትን አትደብቁ ብሏል› እያልሽ ጆሯችንን ያደነቆርሽው ለእኛ ብቻ ነው እንዴ?»

ተነሥታ ሄደች።

በሠርጉ ማለዳ ሰው ሳታስጠጋ ሳለች። ሙሽሮቹ ሊደርሱ ሲሉ ሥዕሉ ደረቀ። ትናንሽ ነጫጭ እግሮች ከደጃፍ ወደ ጓዳ ገቡ፤ እሰይ አልን። ወዲያው ሌላ ሥዕል ደርቆ ነጣ። ከጎናቸው ሰፋፊ የወንድ እግሮች ከጓዳ ተነሥተው፣ ደፉን ተሻግረው፣ ቀዩ የአፈር መንገድ ድረስ ወጥተዋል። እኔ ራሴ ፀጉሬ ቆመ።

«ውሃ! ውሃ አምጡና አጥፉት!» ብላ ጎላፒ ባልዲውን አነሣች።

ኪሮንባላ ፊቷ ተገተረች። እንዲያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

«ንክች እንዳታደርጊው! ወንድምሽ ነው! መንገዱን የሚያሳየው አጥቶ እንጂ መቼ መቅረት ፈለገ? ልጁ ሲገባ እሱ ይውጣ!»

ጎላፒ ባልዲውን መሬት አስቀመጠች።

«እውነት ይሄዳል?» አለች።

ኒኪል ሙሽሪትን ይዞ ደረሰ። ሥዕሉን አየ፤ ማንም አላስረዳውም። የሙሽራዋን እጅ ጠበቅ አድርጎ፣ የአባቱን እግር ሳይረግጥ በጥግ በጥጉ አልፎ ገባ።

ከሠርጉ በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ። ኒኪል ደህና ነው፤ የሙሽራዋ ሳቅ ግቢውን ሞልቶታል። እሷ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት።

«እሰይ እትዬ፣ ተሳካልሽ! ኮቴውስ?»

«ሄደ» አለችኝ። የሳሪ ልብሷን ጫፍ ዓይኗ ላይ ያዘች። «ሄደ፣ አንቺ ልጅ። ምን አጣደፈኝ? ትንሽ ባቆየው ምን ነበረበት?»