ስሙ እንዲጠቀስ ያልፈለገው ሰው

ሰይዳ ተወልዳ ያደገችው በሳዑዲዋ ደማም ከተማ፣ አል ባዲያ ሰፈር ውስጥ ነው። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። እናቷ ኬሪያ እቤት ሆና ልብስ ትሰፋለች። አባቷ አብዱሽኩር ለአንድ ቤተሰብ ሹፌር ሆኖ ነበር የመጣው። ስፖንሰር ሆነው ያስመጡት ሽማግሌ ካፊሉ ሲሞቱ ግን ልጆቻቸው ጎረቤት ከተማ ኾበር፣ ዐቅረቢያ ሰፈር ወዳለው የኪራይ ሕንፃቸው አዛወሩትና ሀሪስ፣ ማለትም የሕንፃ ጠባቂ፣ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ በር ይጠብቃል፣ ደረጃ ይጠርጋል፣ የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ይወጣል፣ ጠዋት ጠዋት የተከራዮቹን መኪና ያጥባል።

ሰይዳ የአባቷን ሥራ ሲጠይቋት "ሕንፃ ያስተዳድራል" ነው የምትለው። መጀመሪያ ያለችው ትምህርት ቤት እያለች፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አንዴ ካለችው በኋላ አፏ ለመደው።

ሃያ ዓመት ሲሞላት ኾበር ውስጥ በሚገኝ የሴቶች የሚዲያ ማሰልጠኛ ገብታ የጋዜጠኝነት ፎቶግራፍ መማር ጀመረች። መምህሯ ኡስታዛ ፋጡማ ሱዳናዊት ናት፤ ለጋዜጣ ፎቶ በማንሳት ብዙ ዓመት የሠራች፣ ቁጥብ ሴት። ለመመረቅ እያንዳንዷ ተማሪ በከተማው ሕይወት ላይ አሥር ፎቶ ያለው ፖርትፎሊዮ ማቅረብ ነበረባት። ኡስታዛ አጥብቃ የምትይዘው አንድ ነገር ነበራት። ፎቶው ቆንጆ ባይሆን ትታገሳለች፤ ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ግን ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን በእውነት መናገር አለበት። ይህን በየሳምንቱ ሳትሰለች ትደግመዋለች።

ሰይዳ ወር ሙሉ ዞረች። የዓሣ ገበያውን አነሳች፣ የባሕር ዳርቻው ኮርኒሽ ላይ መረብ የሚጠግኑትን አነሳች፣ ሙቀት ሸሽተው ጥላ ሥር የተኙ የጉልበት ሠራተኞችን አነሳች። ኡስታዛ ፎቶዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ካየች በኋላ ሁሉም ከሩቅ የተነሱ ናቸው አለቻት። ሰዎቹ እንድትቀርቢያቸው አልፈቀዱልሽም፣ ወይ አንቺ ፈርተሻል ስትላት ሰይዳ ፎቶዎቹን ሰብስባ ወጣች።

በዚያው ሳምንት እናቷን ጉንፋን ጣላትና የአባቷን ምሳ ሰይዳ ይዛ ሄደች። አብዱሽኩር ምድር ቤት መኪና ማቆሚያው ውስጥ አንድ ትልቅ መኪና ያጥብ ነበር። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሏል። ከመውጫው በኩል የገባው ብርሃን መሬቱ ላይ የፈሰሰውን ውሃ አንጸባርቆታል። ካሜራዋ ትከሻዋ ላይ ስለነበር አባቷን ፎቶ አነሳችው። አባቷ ቀና አለ፤ በክንዱ ፊቱን ጠረገና አያት። ልጁ ምሳ ይዛለት መምጣቷን ያየ አባት በሚያይበት ዓይን ብቻ ነው ያያት።

ኡስታዛ ፋጡማ ያንን ፎቶ ስታይ ከሌሎቹ ለይታ ወደ ራሷ ሳበችው።

"ይህ ሰው እንዴት አመነሽ?" አለች። "ሰው ካሜራን እንዲህ አያይም። ማን ይባላል?"

ሰይዳ አጠገብ ጓደኛዋ ጁወይሪያ ተቀምጣ ነበር። ጁወይሪያ የሳዑዲ ልጅ ናት፤ አል ዐዚዚያ፣ ከባሕሩ ዳርቻ ወዳለው ሰፊ ቤታቸው ሰይዳን ስንቴ ጋብዛታለች። ሰይዳ በተራዋ መጋበዝ ሲገባት ሁልጊዜ ሰበብ ትፈጥራለች። የአባቷን ስም ልትናገር ነበር፤ ጁወይሪያን አይታ ተወችው።

"ስሙ እንዳይጠቀስ ጠይቆኛል" አለች።

ኡስታዛ መብቱ ነው ብላ አመነቻት። መግለጫውም በዐረብኛ እንዲህ ተጻፈ፦ "በኾበር የአንድ ሕንፃ ሀሪስ። ስሙ እንዲጠቀስ አልፈለገም።"

ሴሚስተሩ ሲያልቅ የተማሪዎቹ ሥራ በማሰልጠኛው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ቤተሰብም ተጠራ። ሰይዳ ቤት ውስጥ ትንፍሽ አላለችም። ያላሰበችው ነገር፣ ስትመዘገብ የሰጠችው የአባቷን ስልክ መሆኑን ነው። ጥሪው በመልእክት ደረሰው። አብዱሽኩር የጁምዓ ነጭ ቀሚሱን አስተኩሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ልጄን ደስ ይበላት ብሎ ሳይነግራት መጣ።

ሰይዳ በሩ ላይ አየችው። ወደ እሱ መሄድ ሲገባት ባለችበት ቆመች። እሱ እሷን እየፈለገ በግድግዳው ዳር ዳር ሲያልፍ ከራሱ ፎቶ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ዐረብኛ ሲያነብ ልማዱ እንደሆነው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ከሥሩ የተጻፈውን አነበበ። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ሁለተኛ አነበበው።

ኡስታዛ ፋጡማ አወቀችውና ፈጥና መጣች። ጁወይሪያና አክስቷም ተከትለዋት መጡ።

"እርስዎ ነዎት አይደል፣ ጋሼ? እንኳን ደህና መጡ። ማን ጋበዘዎት?"

አብዱሽኩር ሰይዳን አያት። በመካከላቸው አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ፊቷን አንብቦ ጨረሰ።

"ፎቶ ያነሳችኝ ልጅ ናት የጠራችኝ" አለ። "ስሜ እንዳይጻፍ ያልኩትም እኔ ነኝ።"

ሰይዳ ያኔ መናገር ትችል ነበር። ሁሉም ዞረው እያዩዋት ነበር። እሷ ግን እውነቱን ነው በሚል አንገቷን ብቻ ነቀነቀች። የጁወይሪያ አክስት ከፎቶው ሥር ሀሪስ መሆኑን ስታነብ፣ ጊዜ አላጠፋችም፤ እዚያ በር ላይ ያለውን የውሃ ካርቶን ወደ ጠረጴዛው አምጣልን አለችው። ክፋት አልነበረባትም፤ ሀሪስን ሁልጊዜ የምታዘውን ነው ያዘዘችው። አብዱሽኩር የነጭ ቀሚሱን እጅጌ ሰብስቦ ካርቶኑን አነሳ። ልጁ አጠገብ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላያትም። ካርቶኑን አስቀምጦ፣ ሰላም ብሎ ወጣ።

ማታ ቤት ስትገባ እራት በልታ እንደሆነ ጠየቃት። ለኬሪያ ዝግጅቱ ጥሩ ነበር፣ የልጅሽን ሥራ ሁሉም ወደደው ብሏት ነበር። ሰይዳ ቢቆጣት በወደደች። ቢሰድባት፣ ካሜራውን ቢወስድባት፣ የምትይዘው ነገር ባገኘች። እሱ ግን እንደ ወትሮው ሻዩን ጠጥቶ፣ ሰላቱን ሰግዶ ተኛ። በሚቀጥሉት ቀናት ሰይዳ አብራው ማዕድ መቅረብ ከበዳት። ሳህን ሲያቀብላት እጁን እያየች፣ ያ ካርቶን ትዝ ይላትና ጉርሻው አፏ ውስጥ ይደርቃል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኡስታዛ ጠራቻትና ፎቶውን ወደ አንድ ትልቅ ኤግዚቢሽን ልትልከው መወሰኗን ነገረቻት። የሚያስፈልገው የሰውየው ፊርማ ያለበት የፈቃድ ወረቀት ብቻ ነበር። ሰይዳ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ሦስት ቀን ዞረች። ራሷ ልትፈርምለት አስባ እስክሪብቶ እስከማንሳት ደርሳለች፤ ያን ማሰቧን እናቷ እንኳ እስከ ዛሬ አታውቅም። በአራተኛው ቀን ዐቅረቢያ ሄደች። አባቷ ደረጃው ሥር ባለችው ክፍሉ ተቀምጦ ነበር። ወረቀቱን ሰጠችው።

አንብቦ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

"የማንን ስም ልፈርም?" አለ።

ሰይዳ ማልቀስ ጀመረች። አብዱሽኩር እስክትጨርስ ጠበቃት።

"በሥራዬ ማፈርሽን ድሮም አውቀዋለሁ" አለ። "ልጅ ናት፣ ያልፍላታል ብዬ ተውኩት። ግን ስሜን ደብቁልኝ መቼ አልኩ፣ ሰይዳ? ያላልኩትን በአፌ አደረግሽብኝ። እዚያ ስቆም እኔም ዋሸሁልሽ። በዚህ ዕድሜዬ ለልጄ ብዬ ዋሸሁ።"

"አባ፣ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ።"

"ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተዪው። እኔን ዐቅረቢያ ውስጥ የማያውቀኝ የለም።"

ወረቀቱን ሳይፈርም መለሰላት። እሷም በዚያው ቀን ማሰልጠኛው ሄዳ ለኡስታዛ ፋጡማ ሁሉንም ተናገረች፤ አባቷ መሆኑን፣ ስሙን እሱ እንዳልደበቀ፣ አዳራሹ ውስጥ ዝም ማለቷን። ኡስታዛ አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ ፎቶውን ከፖርትፎሊዮው አወጣችው። በአባትሽ ማፈርሽ የራስሽ ጉዳይ ነው፤ ከፎቶ ሥር ውሸት መጻፍሽ ግን የእኔም ጉዳይ ነው አለቻት። የምስክር ወረቀቷ ለአንድ ሴሚስተር ተያዘ፤ ሰይዳም ፖርትፎሊዮውን እንደ አዲስ እንድትሠራ ተወሰነባት። ሰይዳ አልተከራከረችም።

ለጁወይሪያም ራሷ ነገረቻት። ጁወይሪያ መጀመሪያ ያሰበችው ካርቶኑን ነው፤ ፊቷ ቀላ። አክስቴ አባትሽን ስታዝ እዚያው ቆመሽ ዝም አልሽ ብላ ተነስታ ሄደች፤ አንድ ወር ያህልም አላናገረቻትም።

ሰይዳ ከዚያ በኋላ የአባቷን ምሳ በየቀኑ ራሷ ማድረስ ጀመረች፣ ካሜራ ሳትይዝ። አንዳንዴ መኪና ሲያጥብ የውሃ ቱቦውን ትይዝለታለች፤ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አብረው ይበላሉ። አንድ ቀን ደፍራ፣ በስምህ እንደገና ላንሳህ አለችው። አሁን አይደለም አላት። መቼ እንደሆነ አልነገራትም፤ እሷም ደግማ አልጠየቀችም። አዲሱ ፖርትፎሊዮ በሌሎች ሰዎች ፎቶ ተሠራ። ሁሉንም ቀርባ አነሳቻቸው፣ የሁሉንም ስም ፊደሉን እያስቆጠረች ጻፈች፣ በቀጣዩ ሴሚስተርም አለፈች።

ከጁወይሪያ ጋር የታረቁት አዲሱን ፖርትፎሊዮ በምትሠራበት ጊዜ ነው። አንድ ቀን ሰይዳ ከማሰልጠኛው ስትወጣ ጁወይሪያ በመኪናዋ እስከ ዐቅረቢያ ሸኘቻት። አብዱሽኩር በር ላይ ቆሞ ነበር። ሰይዳ ወረደችና ጓደኛዋን ይዛ ወደ እሱ ሄደች።

"አባቴ ነው" አለች። "አብዱሽኩር ይባላል።"

እሱም እጁን በፎጣው ጠርጎ ደረቱ ላይ አደረገና ሰላም አላት፤ ግቡ፣ ሻይ አለ አለ። ጁወይሪያም ገባች። ሰይዳ ከኋላቸው ቀርታ ትንሽ ቆመች። ደስ ይለኛል ብላ ነበር የጠበቀችው። አባቴ ነው ማለት ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ግን ከቀድሞው የበለጠ አሳፈራት።