የድሬዳዋ ብርቱካን ልጣጭ

ቅዳሜ ቅዳሜ በፈቃዳችን የረር ተራራ እየወጣን የእግር መንገዱን እናጸዳለን። ዛሬ ስንወርድ የብርቱካን ልጣጭ አየሁና ጎንበስ አልኩ። አብሮኝ ቆሻሻ የሚለቅመው ወጣት፣ «እማማ፣ ልጣጭ እኮ ራሱ ይበሰብሳል፤ ይተዉት» አለኝ። ልጣጩ ገና እርጥብ ነበር። ሽታው ልጅ ሆኜ ወደማውቀው አቃቂ ባቡር ጣቢያ ወሰደኝ።

አባቴ የሀዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር። እናቴ በባቡር ድሬዳዋ ከሄደች ወዲህ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጆንያ ይይዝና እኔን አስከትሎ ሀዲዱ ዳር ይወርድ ነበር። መንገደኞች በመስኮት የወረወሩትን የብርቱካን ልጣጭ እንለቅማለን። የጋለው ጠጠር በጫማዬ ሶል አልፎ ያቃጥለኛል። እጄ ብርቱካንና ግራሶ ይሸታል።

«አባዬ፣ ዛሬ እረፍትህ አይደል? ማን አዘዘህ?» አልኩት አንድ ቀን።

አንድ እርጥብ ልጣጭ አንስቶ ረጅም ጊዜ አሸተተው። «ይሄ ትናንት ድሬዳዋ ነበር» አለ። ከዚያ ለሀዲዱ የሚናገር ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናትሽ ስትመለስ ሰፈሩ ቆሽሾ እንዳታገኘው» አለ።

እኔ በሚቀጥለው ባቡር ትመጣለች ያለ መስሎኝ ሮጬ ሄጄ ፊቴን ታጠብኩ።

እናቴ ሳትመለስ ባቡሩ መምጣት ካቆመ በኋላም አባቴ እሁድ እሁድ ብቻውን ጆንያውን ይዞ ይወርድ ነበር።

አሁን ወጣቱ ቆሞ ይጠብቀኛል። «በዚህ በኩል እኮ ዛሬ ከእንግዲህ የሚመጣ ሰው የለም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። ልጣጩን አሸተትኩና ከረጢቴ ውስጥ ከተትኩት።