ሠራተኛ ሳይወጣ ቦሌ መድረስ

ጅጅጋ መናኸሪያ ውስጥ ስምሪት ላይ መሥራት ከጀመርኩ ዕድሜ ሆኖኛል። ሥራዬ መኪና ማሰለፍ፣ ተራ መስጠትና መላክ ነው፤ የቀብሪበያውን ወደ ቀብሪበያ፣ የቶጎጫሌውን ወደ ቶጎጫሌ። ከዚህ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ መንገድ በየሰዓቱ የተለያየ መንገድ መሆኑን ነው። በማለዳ ጭር ያለው አስፋልት ረፈድ ሲል ግመል፣ ባጃጅና ጎረምሳ ይሞላዋል። እናም ልጄ ለትምህርት ወደ ቱርክ የምትሄድበት ቀን ሲቆረጥ፣ በሕይወቴ ከተሰጡኝ ስምሪቶች ሁሉ ትልቁ ይኼ ነው ብዬ ታጥቄ ተነሳሁ። ከጅጅጋ ቦሌ፣ በራሴ መኪና፣ በአንድ ቀን፣ የአዲስ አበባ ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ሳይወጣ።

ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ጅጅጋም እኮ አውሮፕላን ማረፊያ አላት። ጠዋት ተሳፍሮ ለቁርስ አዲስ አበባ መድረስ ይቻላል። እኔ ግን መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። ክረምት ነው፤ ደመና አለ። ባለፈው ዓመት የአንድ ባልደረባዬ ልጅ በደመና ምክንያት ከጅጅጋ ሳይነሳ ቀርቶ፣ ከአዲስ አበባ የሚቀጥለው በረራ አምልጦታል። በዚያ ላይ ሻንጣዋ ከባድ ነው። ይህንን ለጠየቀኝ ሁሉ ሳልሰለች እደግመው ነበር። ውሸት አልነበረም፤ ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። ልጄን ከደጃፌ አንስቼ ለደመና ማስረከብ አላስቻለኝም። አንድ ሙሉ ቀን ከጎኔ እንድትቀመጥልኝ ፈለግኩ።

ደግሞ አንድ ፍርሃት ነበረብኝ። ትምህርቱን ማግኘቷን የሰማን ዕለት፣ እራት ላይ፣ እጇን ከገበታው ሰብስባ፣ «አባዬ፣ ልቅር እንዴ?» አለችኝ። «አንተ ብቻህን…» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም። እኔም እንድትጨርሰው ፋታ አልሰጠኋትም። «የካራማራን ዳገት ጎህ ሲቀድ ከወጣን፣ ሐረርን ከተማው ሳይነቃ እናልፋለን» ብዬ ስለ መንገድ ቀጠልኩ። እንደ እናቷ ናት፤ ለሰው ስትል የራሷን ነገር መተው አይከብዳትም። ፊቴ ላይ ትንሽ ጥላ ብታይ እንደምትቀር አውቃለሁ። ከቀረች ደግሞ እስክሞት ድረስ ራሴን ይቅር አልለውም። ስለዚህ ለራሴ ቃል ገባሁ፦ ይህች ልጅ ልቧን ቤት ጥላ መሄድ የለባትም፤ እኔም እስከ ቦሌ በር ድረስ ምንም ያልጎደለበት ሰው ሆኜ እነዳለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ በእቅድ አለፈ። መናኸሪያ ውስጥ ሹፌር አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። የቶጎጫሌ መስመር የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ሶማሌ ሹፌር አለ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ መሪ የጨበጠ፣ ከማንም በላይ የማምነው ሰው። እቅዴን በቃሌ ሳነበንብለት ጨርሶ ሰማኝና የቆመችውን አሮጌ ዲኤክሴን ዞር ብሎ አያት።

«ወርያ፣ በዚች ነው ቦሌ የምትሄደው?»

«በዚች ነው።»

«ወላሂ፣ ይቺ ካራማራን ከወጣች እኔ ግመል አርዳለሁ።»

ስቆ ሲበቃው ግን ቁም ነገሩን ነገረኝ። የዚህ መንገድ ጭንቅ ከአወዳይ ጫት ጭነው ወደ እኛ የሚበሩት መኪኖች ናቸው። ጫት ፀሐይ ከመታው ገበያ የለውም፤ ስለዚህ ለኩርባም፣ ለአህያም፣ ለእናቱም ቢሆን ፍሬን የሚይዝ ሹፌር የለም። «እነሱ ሳይነሱ ባቢሌን እለፍ» አለኝ። «አወዳይ ስትገባ አትቆጣ፤ እዚያ መንገዱ የነጋዴ ነው። አዋሽ ላይ ምሳ እንዳያዘናጋህ። አዲስ አበባ ስትደርስ እንኳን እኔም አላውቅልህም፤ እዚያ ማታ ማታ የሚያልፍ የለም፤ ሁሉም ቆሞ ነው የሚያመሸው።» አዲስ አበባ ያለው የባለቤቴ ወንድምም በስልክ ይህንኑ አረጋገጠልኝ። ሠራተኛ ከወጣ በኋላ፣ ያውም መንገዱ ለኮሪደር ሥራ በተቆፈረበት ሰሞን፣ ከክፍያ መንገዱ መውጫ እስከ ቦሌ ያለው ከአዳማ እስከ መውጫው ካለው ይረዝማል አለኝ። በረራው እኩለ ሌሊት ላይ ቢሆንም፣ እኔ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩ ላይ ልቆም ወሰንኩ።

የግድግዳ ጎረቤታችን ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሶማሌ ናት። ልጄ አፏን ሳትፈታ ጀምሮ ኤዶ ትላታለች፤ በእነሱ አክስት ማለት ነው። እኔ ሥራ፣ እናቷ ገበያ ስንውል ልጅቷ የምትውለው እዚያ ነበር። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «አንተ ሰውዬ» አለችኝ፤ «ባቢሌ፣ አወዳይ፣ አዋሽ! ባቢሌ፣ አወዳይ፣ አዋሽ! እኔ ሳልሄድ እግሬን አመመኝ። እስኪ ልጅቷን ሻይ ጠጣሽ ወይ በላት።» ልጄ ከጀርባዬ ሆና ከት ብላ ሳቀች። በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ኤዶ ቤት እየሄደች ታመሽ ነበር። ሁለቱ በሶማሊኛ ሲንሾካሾኩ ይሰማኛል። እውነቱን ለመናገር ቅር ይለኝ ነበር፤ ለእኔ የቀረውን ጊዜ እዚያ ታጠፋዋለች ብዬ።

የመሄጃችን ሌሊት ቤቱ በጓደኞቿና በጎረቤት ተሞልቶ አደረ፤ ልጄ ዓይኗን አልከደነችም። ልንነሳ ስንል ኤዶ መኪናው አጠገብ ቆማ፣ መዳፏን ዘርግታ በራሷ ቋንቋ መረቀቻት። ረጅም ምርቃት ነው፤ አንድም ጊዜ አልተደናቀፈችም። የቆመው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ «አሚን» ይላል። ቀናሁ። መመረቅ በእኛ ቤት የእናትየዋ ሥራ ነበር፤ እኔ ስመርቅ መኪና የምሸኝ ይመስለኛል። ቢሆንም መንገዱ ረጅም ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ቃሉ ይመጣልኛል ብዬ ሞተር አስነሳሁ።

ዲኤክሷ ካራማራን ወጣች። ኬላው ላይ ሻንጣውን አስከፍተው አዩና ገመዱን ጣሉልን። ከዚያ ሰማዩ መቅላት ጀመረ፤ እኔም ለቀኑ ያዘጋጀሁትን ወሬ ልጀምር ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ስለ እናቷ፣ እኔና እሷ መጀመሪያ ጅጅጋ ስንመጣ ስለ ነበረው ነፋስ፣ ስለ ብዙ ነገር። ዞር ስል ልጄ ተኝታለች። ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ፣ ሕፃን ሳለች እንደምትተኛው።

አልቀሰቀስኳትም። ይልቅ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ማርሽ መቀነስ ጀመርኩ። ባቢሌን ስናልፍ ድንጋዮቹን እንድታይ ፈልጌ ነበር፤ ትተኛ አልኩ። ሐረር ነቅታ ጠበቀችን። አወዳይ ላይ ሕዝቡ ዘንቢል ተሸክሞ መሀል አስፋልት ላይ ሲገበያይ፣ ክላክስ አድርጎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ አላደረግኩም፤ ቆሜ ጠበቅኩ። ከቁልቢ ወዲያ ባሉት ጠመዝማዛ ተራሮች ላይ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ፊቴ ገባ። መቅደም ማለት ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ነው፤ ከኋላው ጭሱን እየጠጣሁ አዘገምኩ። ስምሪት ላይ እንዲህ የሚነዳ ሹፌር ቢገጥመኝ ተራውን እነጥቀው ነበር። ጭሮ ላይ ለምሳ ነቃች፤ ትንሽ በላች፤ «ይቅርታ አባዬ፣ አሁን አልተኛም» አለችና ከተማውን ሳንወጣ ደግማ ተኛች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝም፣ እንደዚያ ቀን ከፍቶኝም አያውቅም። ከጎኔ ናት፤ ከጎኔም የለችም።

ክፍያውን ከፍለን አዲስ አበባ ስንገባ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር፤ ሠራተኛውም ወጥቷል። መንገዱ እስከ ዓይን ማድረሻ ቀይ መብራት ነው። ሚኒባሱ፣ ሲኖትራኩ፣ የመሥሪያ ቤት ሰርቪሱ፣ ሁሉም ቆሟል። ግማሹ አስፋልት ተቆፍሯል። ስንት ሳምንት ሙሉ የሸሸሁት ነገር መሀል ሄጄ ተቀረቀርኩ። ሞተሩ እንዳይግል አጠፋሁት። ዝምታው ነው መሰለኝ ልጄን የቀሰቀሳት።

«ደረስን?»

«ደረስን ማለት ይቻላል።»

ፊት ለፊት አየችና ገባት። «ሠራተኛው ወጣብህ» አለችኝ እየሳቀች። «እንዴት ሆኖ? አንተ እኮ ደቂቃ የማታሳልፍ ሰው ነህ።»

«ሰው ያስባል፣ እግዜር ይፈጽማል።»

«ምነው አልቀሰቀስከኝ?»

«ደክሞሽ ነበራ።»

ሰዓቷን አየችና አሁንም ጊዜ እንዳለን አረጋገጠች። ከዚያ ሰውነቷን ሙሉ ወደ እኔ አዞረች።

«አባዬ፣ የመመለሻውስ?»

«የምን መመለሻ?»

«ያንተ። ዛሬ የት ነው የምታድረው? ነገ መቼ ነው የምትነሳው? ስትደርስ ማን ነው በር የሚከፍትልህ?»

በዚያ ሁሉ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ የዘረጋሁት መንገድ ቦሌ በር ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰፈር፣ አንድ ከተማ አልነበረበትም። አልደረስኩበትም እንዳልል፣ በየሌሊቱ ጫፉ ላይ ደርሼ ነው የምመለሰው። እሱን እንዳላየው ነበር ሌላውን ሁሉ በጥንቃቄ የቆጠርኩት። ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ እንባዬ ግን ቀደመኝ። አለቀ አልኩ በሆዴ። አየችኝ። አሁን «ልቅር» ትላለች።

አላለችም። ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ መናኸሪያ ውስጥ ሹፌር የማዝበትን ድምፄን አውጥታ፣ «ስማ!» አለችኝ። «ማታ አትነዳም። አዳማ ታድራለህ፤ ነገ ሲነጋ ትነሳለህ። ጭሮ ምሳ ትበላለህ፤ እየነዳህ ብስኩት አይደለም፣ ቁጭ ብለህ። ከሐረር በኋላ የጫት መኪኖቹ ከኋላህ ነው የሚመጡት፤ ዳር ይዘህ አሳልፋቸው፣ እልህ አትጋባ። እራት ኤዶ ጋ ነው።»

«እሷን ማስቸገር…»

«ተነጋግረን ጨርሰናል። ሰኞና ሐሙስ እሷ ጋ ትበላለህ፣ ዓርብ ልጆቿ አንተ ጋ ይመጣሉ። የግፊት መድኃኒትህን መዋጥህን እሷ ትጠይቅሃለች፤ እንዳትዋሻት፣ ለእኔ ትነግረኛለች።»

ማታ ማታ የሚንሾካሾኩት ይህንን ነበር። እኔ የእሷን መሄጃ ሳቅድ እሷ የእኔን መቅሪያ ስታቅድ ከርማለች።

«አሁን መርቀኝ» አለች ጎንበስ ብላ።

እጄን ራሷ ላይ ጫንኩ። ረጅም ነገር ልል ነበር፤ የመጣልኝ አንድ ብቻ ነው። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ።» ፊታችን የቆመው ሲኖትራክ ንቅንቅ አላለም። ሁለታችንም እሱን አየን፤ ሳቅ አፈነን፤ «አሜን» ያለችው እንባዋን እየጠረገች ነው። ከዚያ ስለ እናቷ አወራን፣ ስለ ጅጅጋ ነፋስም አወራን። መኪናው አንድ ክንድ ይሄዳል፣ ይቆማል። ያ መጨናነቅ እንዲቀጥል የጸለየ ሹፌር አዲስ አበባ ውስጥ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ቦሌ በሩ ላይ ጠባቂው ሸኚ ከዚህ አያልፍም አለኝ። ሻንጣዋን ተቀበለችኝና አቀፈችኝ። «ስትገባ ደውልልኝ» አለችኝ። እሷ ባሕር የምትሻገር፣ እኔ ቤቴ የምመለስ፣ የምትለኝ ግን እሷ ናት። ሳትዞር ሄደች። ሳትዞር እንድትሄድ ነበር የፈለግኩት፤ ሲሆን ግን አመመኝ።

እንደታዘዝኩት አዳማ አደርኩ። ጭሮ ቁጭ ብዬ በላሁ። የጫት መኪኖቹን ዳር ይዤ አሳለፍኩ። ጅጅጋ ስገባ መሽቶ ነበር፤ መኪናዋን ግቢው ፊት አቁሜ ደወልኩላት። ጥሪው ገና ከመጀመሩ አነሳችው።

«ገባህ?»

«ገባሁ።»

«ደከመህ?»

«ምንም አልል።»

«ቤቱስ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፤ እንዳለ ነው» አልኳት። መሪውን እንደያዝኩ ነበርኩ፤ የቤቱን በር ገና አልከፈትኩትም።