የሄግቪክ እምቢታ

በባሕር ጠረፍ ያለችው ትንሿ ሄግቪክ ከወረዳነት ሳትሰረዝ በፊት የምትኮራበት አንድ የአረጋውያን ማረፊያ ቤት ነበራት። አልጋው ስድስት ብቻ ነው፤ ቢሆንም እንጨቱን ከየጫካው ጎትቶ፣ ጣሪያውን ከድኖ ያቆመው አገሬው ራሱ በደቦ ነው። ጉንቮር ባሏ ሹር ሽባ ሆኖ እዚያ ከተኛ ወዲህ፣ ላሞቿን አልባ ስትጨርስ እየሄደች ገንፎውን ታጎርሰዋለች።

በፈረንጆቹ 1963 መንግሥት ትንንሾቹን ወረዳዎች ከትልልቆቹ ጋር ሊቀላቅል ተነሣ። ሄግቪክ ከባሕሩ ማዶ ካለችው ከተማ ጋር ከተቀላቀለች ማረፊያ ቤቱ ይዘጋል፣ ሹርም ማዶ ይወሰዳል። ጉንቮር ላሞቿን ለማን ጥላ ትከተለው? ከቤት ቤት እየዞረች ጎረቤቱን ሁሉ እምቢ እንዲል ቃል አስገባች።

በስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከከተማ የመጣው ሰብሳቢ ዕቅዱን አነበበና፣ "የሚቃወም አለ?" ሲል ጠየቀ። ትንፍሽ ያለ የለም። ሄግቪክ ውስጥ እንግዳን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ነው። ያልተስማማ ሰው ዝም ብሎ መሬት መሬት ያያል፣ ጠያቂውም ገብቶት ነገሩን ይተዋል። ከተሜው ይህን ከየት ይወቀው? ጉንቮር ደግሞ መጀመሪያ መናገር ያለበት የወረዳው ሊቀ መንበር እንድሬ ነው ብላ ትጠብቃለች።

"እንግዲያው ተስማምተናል፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ሰብሳቢው መዶሻውን መታ።

ደጅ ሲወጡ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

"ሰውዬው ዕውር ነው እንዴ?" አለ እንድሬ። "እንደዚያ ዝም ስንለው እያየ!"

"በግ ስትሸጥ አፍህን የሚችለው የለም" አለችው ጉንቮር። "ዛሬ ምን ዋጠህ?"

"ኧረ ተይ ጉንቮር፣ ከዚህ በላይ እንዴት ተብሎ እምቢ ይባላል?"

እርር ድብን አለች። ስንቱን አንድ በአንድ ትጣላው?

በዓመቱ ሹርን የሚወስደው ጀልባ ሲመጣ አገሬው ሁሉ ወደቡ ላይ ወጣ። ቃሬዛውን ከፊት የተሸከመው እንድሬ ነው። ካስገቡት በኋላ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

"እንዴት ያለ ጨዋ ሕዝብ ነው" አለ የጀልባው ካፒቴን። "ሌላ ቦታ እኮ ሰድበው ነው የሚሸኙን።"

ይሄን ጊዜ ጉንቮር አልቻለችም። ሞተሩ ተነሥቶ ጀልባው ፈቀቅ ሲል ወደ ውኃው ዳር ሮጣ፣ "እምቢ! አትወስደውም፣ እምቢ!" እያለች ጮኸች። ካፒቴኑ የስንብት መስሎት ባርኔጣውን አወዛወዘላት።

እንድሬ ፊቱ ቀልቶ ክንዷን ያዝ አደረጋት።

"ቀስ በይ እንጂ" አላት። "ሰውዬው ይሰማሻል።"