ድግግሞሽ ተብለው የተጣሉ ደብዳቤዎች

ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጡባቸው ወራት ከወልድያ መርሳ ደብዳቤ የሚያደርስ የኮምፒውተር ፕሮግራም እኔና አንድ የመርሳ ሬዲዮ ጠጋኝ እናስተዳድር ነበር። ቀድሞ የትርፍ ጊዜ ጨዋታችን ነበር፤ በአሮጌ ኮምፒውተሮች የመልእክት ሰሌዳ ከፍተን ስለ ሬዲዮና ስለ ኳስ እንጻጻፍበት ነበር። መስመሩ ሲቋረጥ ለሰው ደብዳቤ አዋልነው። ወልድያ ያለች የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ሰዎች የሚነግሯትን ትተይባለች፤ እኔ ፍላሽ ላይ እጭናለሁ፤ በሳምንት ሁለቴ የሚወርድ የሚኒባስ ሹፌር ያደርሳል። መርሳ ላይ ፕሮግራሙ ደብዳቤዎቹን በየተቀባዩ ይለያል፤ ጠጋኙ ያትማል። ጋዜጠኛ ብሆንም የሰው ደብዳቤ አላነብም ነበር።

አንድ ቀን ሹፌሩ ከጠጋኙ ብጣሽ ወረቀት አመጣልኝ። «እንደ ዝርዝርህ አሥራ አራት ልከሃል፤ የደረሰኝ ዘጠኝ ነው። አንድ ሽማግሌ ደጄ ላይ እየዋሉ ነው። መጥተህ እየው።»

በሚቀጥለው ጉዞ ወረድኩ። ሽማግሌው የሀብሩ ወረዳ ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው ታማ ወልድያ ልጃቸው ዘንድ ተኝታለች። ከልጃቸው አንድ ደብዳቤ ደርሷቸዋል፤ እናቴ ተሽሏታል፣ አዝመራውን ጥለው አይምጡ የሚል። ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም።

«አሰላሙ አለይኩም። የወልድያው ሰውዬ አንተ ነህ?»

«ወአለይኩም ሰላም። እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«ልጄ ዝም ያለችው እናቷ ተሽሏት ነው ወይስ ብሶባት?»

«አላውቅም። አሁን አያለሁ።»

ጠጋኙ ወንበሩን ለቀቀልኝ። «ጋዜጠኛው፣ አምስት ሰው ጠፍቶብህ እንዲህ ተረጋግተህ ትቀመጣለህ?»

«አምስት ደብዳቤ ነው እንጂ ሰው አይደለም።»

«እሱን ለእሳቸው ንገራቸው» አለ።

ፍላሹ ደህና ነበር። ቫይረስ አልነበረም። የኮምፒውተሩም ቀን ልክ ነው። ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል ስከፍት አምስቱም ላይ የድግግሞሽ ምልክት አየሁ። አንድ ፍላሽ ሁለት ጊዜ ቢሰካ ያው ደብዳቤ ዳግም እንዳይታተም፣ ፕሮግራሙ ከአንድ ሰው የመጡትን ደብዳቤዎች ያስተያያል፤ ከተመሳሰሉ ኋለኛውን ይጥላል። ኮምፒውተሩ እንዳይዘገይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መቶ ፊደላት ብቻ እንዲያይ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ለኳስ ወሬያችን ይበቃ ነበር። የእኛ አገር ሰው ግን በሁለት መቶ ፊደል ሰላምታውን እንኳ አይጨርስም። የራሱን ጤንነት ተናግሮ፣ የተቀባዩን ጠይቆ፣ ጎረቤቱን፣ ከብቱንና ዝናቡን ሳያነሳ ወደ ጉዳዩ አይገባም፤ ሁልጊዜም በዚያው ቃል ነው።

የተጣሉት ሳይሰረዙ ለብቻ ተቀምጠዋል። ሁለቱ የልጅቱ ነበሩ። ጠጋኙ ሲያትማቸው ሽማግሌው ማንበብ ስለማይችሉ ለእኔ ሰጡኝ። ሰላምታውን ዘልዬ ልጀምር ስል እጃቸውን ወረቀቱ ላይ አደረጉ።

«ከላይ ጀምር።»

ከላይ ጀመርኩ። የፊተኛው፣ እናቴ ብሶባታል፣ ቶሎ ይድረሱ፣ ይላል። የኋለኛው፣ ስምዎን እየጠራች ነው፣ ምነው ቀሩ፣ ይላል።

«የፊተኛው ከተጻፈ ስንት ቀኑ ነው?»

«ስምንት ቀን።» ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ፕሮግራሙ ሰላምታው ስለተመሳሰለበት ደብዳቤዎቹን እንደጣላቸው ነገርኳቸው።

«ሰላምታ እኮ ያው ነው» አሉ። «ምን ብላ ትለውጠው?»

በዚያው ሚኒባስ አብረን ወጣን። መንገድ ላይ ያለችውን ሲሪንቃን ስናልፍ ሽማግሌው «ቀስ ይላል ይሄ መኪና» አሉ። ወልድያ መናኸሪያ ባጃጅ ያዝን።

ልጅቱ ከደጅ ተቀበለችን። እናቷ በሕይወት አለች፤ ከትናንት ጀምሮ ግን አትናገርም።

«አሁን ነው የሚመጡት?» አለቻቸው። «ሁለት ጊዜ ላክሁ እኮ።»

«ዛሬ ነው የደረሰኝ» አሏት። የማን ጥፋት እንደሆነ ሳይነግሯት ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።

እኔ ነገርኳት።